ደጅ ወጥተሽ ተጫወቺ

መርሳ ከተማ ላይ ዝናቡ እንዳባራ ሲቲ ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደችና፣ «በይ ኢሕሳን፣ ውጪና ከልጆቹ ጋር ተጫወቺ፤ ክረምቱ እኮ ሊያልቅ ነው» አለቻት። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ልጅቱ ከፍራሹ አልተነሳችም ማለት ይቻላል፤ ፊቷ ገርጥቷል። ከደጅ የጎረቤት ልጆች ገመድ እየዘለሉ ሲስቁ ይሰማል። ኢሕሳን ግን ፈራ ተባ እያለች፣ «እነሱ እኮ አይጠሩኝም፣ እማ» አለች።

«ምን ብለው ነው የማይጠሩሽ? ነይ፣ እኔው ልውሰድሽ!» ሲቲ እጇን ይዛ በሩን ከፈተችው። ሳቁ ወዲያው ቀጥ አለ። ትልቋ ልጅ ገመዱን ከጭቃው ላይ ሰብስባ ክንዷ ላይ እየጠቀለለች፣ «አፉ ይበሉን፣ እትዬ ሲቲ! ሁለተኛ በርዎ ላይ አንጫወትም» አለች። ሲቲ ክው አለች። ልጄን ከጥናቷ ታዘናጉብኛላችሁ እያለች ስንቴ ተሳድባ፣ ስንቴ ውኃ ደፍታ እንዳባረረቻቸው ትዝ አላት። «ኧረ ተጫወቱ ልጆቼ፣ አልቆጣም! እሷም ትጫወት» ብላ ተጣራች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና ቁልቁል ሮጡ።

ኢሕሳን እጇን ከእናቷ እጅ ቀስ አድርጋ አላቀቀች። «አንቺ ግቢ፣ እማ» አለቻት። «አንቺ ካለሽ አይመለሱም።»

ሲቲ ገባች። በሩን ዘግታ ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች።

«ሀስና! ኤደን! እማ ገብታለች፣ ኑ!» ስትል ልጇን ሰማቻት። የመለሰላት የለም። ትንሽ ቆይታ ልጅቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደገና ተጣራች፤

«ወላሂ ገብታለች!»