ማብሪያው በወንድሙ በኩል የሆነበት ሱቅ

«ጋሼ… መብራቱን!»

ባለ መነጽር ቤቱ ግድግዳውን በጡጫው ሁለቴ መታው።

መብራቱ አልበራም።

ሱቁን ገና ከመክፈቱ ተከትላው የገባችው ደንበኛ የምትሞክረውን መነጽር ዓይኗ ላይ እንዳደረገች ቆማለች።

«ውይ፣ ምን ጉድ ነው? መስታወቱ ራሱ አይታየኝም እኮ!»

«አንዴ ታገሺኝ የኔ እህት…» አለና እንደገና መታ። «ጋሼ! ስማኝ እንጂ!»

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ቀጭ! መብራቱ በራ።

«ዛሬ ሰላምታ የለም እንዴ?» አለ የወዲያኛው ድምፅ።

ባለ መነጽር ቤቱ ጥርሱን ነከሰ። «…እንደምን አደርክ።»

ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ነው የኖረው።

ሱቁ የአባታቸው ነበር። አባት ሲያርፉ ታናሹ «መደርደሪያውን ነቅለን፣ ኮርኒሱን ለውጠን ዘመናዊ እናድርገው» አለ።

ታላቁ «የአባቴን እንጨት ንካና እንተያያለን!» አለ።

ቃል ሲመላለሱ ታናሹ አመለጠው… «አንተ የዚህ ሱቅ ዘበኛ እንጂ ወንድም ሆነኸኝ አታውቅም!»

በዚያው ተኳረፉ። ሱቁ መሃል ለመሃል በጂፕሰም ግድግዳ ተከፈለ። ወዲያ ታላቁ ክርና የልብስ ቁልፍ ይሸጣል፣ ወዲህ ታናሹ መነጽር።

ታናሹ ያለውን ሁሉ ሱቁ ላይ አፈሰሰ። አዲስ ኮርኒስ፣ ነጭ መደርደሪያ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት…

ሲያልቅ ግን እጆቹን ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ይነካል።

ሲያስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» ይባላል። ስልክ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

ጥሎት እንዳይሄድ ጥሪቱ ሁሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እንዳይቀመጥ አየር ያጥረዋል።

በዚህ ላይ ማብሪያ ማጥፊያው ተቀያየረ! የእሱን መብራት የሚያበራው ወንድሙ ጋ ሆነ፣ የወንድሙን የሚያበራው ደግሞ እሱ ጋ።

ሱቁን ያደሰውና መብራቱን የዘረጋው ባለሙያ ያኔ ራቅ ወዳለ ቦታ ሆቴል ሊሠራ ሄዶ ነበር። ታናሹም «ያበላሸው ራሱ መጥቶ ይጠግናታል!» ብሎ ሌላ ሰው ሳይጠራ፣ ለገባ ለወጣው ሁሉ ስሙን ሲያጠፋ ከረመ። የመንደሩ ሰው «አደናግሬ» የሚል ቅጽል አወጣለት።

ባለሙያው ሲመለስ ፋርማሲ ሊያድስ ሥራ አገኘ። የፋርማሲው ባለቤት ግን «አደናግሬ» እሱ መሆኑን ሲያውቅ ሥራውን መልሶ ነሳው።

በማግስቱ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መነጽር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አደናግሬ ማለት እኔ ነኝ» አለ። «አሳየኝ እስቲ፣ ምን አበላሸሁ?»

«ራስህ እየው!»

ባለሙያው መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። በካቻቢቴ የማብሪያውን ክዳን ፈታ። አየ… ደግሞ አየ…

«ማነው የነካው?»

«ካንተ ሌላ ማን ይነካዋል?»

«እኔ የማስረው ሽቦ ሁሉ ምልክት አለው። አንድ ነጥብ ያንተ፣ ሁለት ነጥብ የወንድምህ። ይኸው፣ ከነምልክታቸው ተነቅለው ተቀያይረዋል። ሁለቱ ማብሪያዎች ደግሞ ጀርባ ለጀርባ ናቸው፣ በወዲያም በወዲህም ይደረስባቸዋል። እኔ የጨረስኩ ቀን አብርቼ አጥፍቼ ነው ያስረከብኩት።»

«ለማን ነው ያስረከብከው?»

«ለታላቅህ ነዋ! አንተ እሱ ባለበት አልቆምም ብለህ ቀረህ አይደል?»

ባለሙያው ክዳኑን አንስቶ አሳየው።

«አሁን ስከፍተው ያንተ ክዳን በላዩ የቀባሁት ቀለም ሳይሰነጠቅ እንዳለ ነበር። የተነካው በዚያ በኩል ነው…»

ግድግዳው ስስ ነው። ሁሉም ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አለ የወዲያኛው ድምፅ። «ባስረከበኝ ማግስት ማለዳ፣ አንተ ሳትመጣ ቀያየርኩት።»

(እናንተ ግን በምንም ምክንያት እንዳትሞክሩት፣ አደራ። መብራት ሰው ይገድላል።)

«ለምን ጋሼ?! ምን በድዬህ?»

የታላቁ ድምፅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«ግድግዳው ሲዘጋ ቆሜ አየሁ። ‘ከዚህ በኋላ በምን ምክንያት ድምፁን እሰማለሁ?’ አልኩ። ተቆጥተህም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ‘ጋሼ’ ትለኛለህ ብዬ ነው።»

ታናሹ ታስሬያለሁ ሲል የኖረው እሱ ብቻ መስሎት ነበር…

ወጣ። ዞሮ የወንድሙ ሱቅ ገባ። በስምንት ወር የመጀመሪያው ነው። ታላቁ በቁልፍ ካርቶኖች መሃል፣ ጨለማ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ፂሙ ሸብቷል።

«ዘበኛ ያልኩህን… እንዳልተባለ ቁጠርልኝ ጋሼ።»

«ተው እንግዲህ አንተ ልጅ…» አለና ማልቀስ ጀመረ። ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም…

ባለሙያው ሽቦውን ልክ አድርጎ መልሶ፣ ቦርሳውን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«በመታረቃችሁ ደስ ብሎኛል፣ የምሬን ነው» አለ። «ግን ልጄን አቅፌ ስሄድ ‘አደናግሬ’ ብለውኛል። ‘አባዬ፣ አንተን ነው?’ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ታናሹ የሱቁን በር ቁልፍ አነሳ።

ያን ቀን ሁለቱም ሱቃቸውን ዘግተው በየደጃፉ ዞሩ። ታላቁ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል፣ ታናሹ «ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይላል። ፋርማሲውም ደረሱ።

ባለ ፋርማሲው ከልቡ አዘነ። ቢሆንም ሥራውን ለሌላ ሰጥቶ ኖሮ፣ አዲሱ ሠራተኛ ከኋላው ኮርኒሱን እየመታ ነበር።

ወገኖቼ… የተጣላችሁት ሰው በሩን ዘግቶ የሚናፍቃችሁ ሊሆን ይችላልና ቀድማችሁ ሂዱ። የሰው ሥራ ተበላሸ ብላችሁ ስም ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ሠሪውን ራሱን ጠይቁት። የወንድም ኩርፊያ በአንድ ቀን እንባ ይታጠባል፣ የጠፋ ስም ግን በየቤቱ እየዞሩ ቢለምኑለትም ቶሎ አይመለስም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ… ታላቁ ወንድም ያደረገው ፍቅር ነው ወይስ በደል? በባለሙያው ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሉት ነበር? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።