የሐጂ ሙቅቢል ፎርድ

ቃሲም መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ደጋግሞ ክላክስ ቢያደርግም ሐጂ ሙቅቢል ከበረንዳው ወንበር ንቅንቅ አላለም።

"ሐጂ! ውረድ እንጂ! ሐኪም ቤት እኮ ነው፤ እንደ ሙሽራ ቆሞ የሚጠብቅህ የለም!" አለ ቃሲም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። የግድግዳ ጎረቤቱና የድሮ ወዳጁ ነው።

"በዚያች የጃፓን ቆርቆሮ አልሄድም ብዬሃለሁ።"

"ቆርቆሮ አልክ? አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያንተን ፎርድ ምን እንደሚሉት አልሰማህም? ስሙን ፊደል በፊደል ሲፈቱት 'መንገድ ላይ ሞቶ የተገኘ' ነው የሚሉት!"

"እንደዚያ የሚሉት መግዣ ያጡ ናቸው" አለ ሙቅቢል፤ ስኳር በሽታ ያጠፋቸውን ዓይኖቹን ወደ ድምፁ አዙሮ።

ሚስቱ ተቂያ ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ባለፈው ሰኞም ነገሩ እንዲሁ በቀልድ ተጀምሮ በኩርፊያ አለቀና የኩላሊት እጥበቱ ቀረ። ሲመሽ እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሲያቃስት ያደረው እሷ ጭን ላይ ነው። እስካሁን በገዛ ፎርዱ ሲያመላልሰው የነበረው ልጃቸው ፋሪስ በቅርቡ ሥራ አግኝቶ ከነመኪናው ቴክሳስ ሄዷል።

የሰፈሩ ሰው ግትር ይለዋል። እሷ ግን ታውቀዋለች። አባቱ ከየመን ኢብ ተራሮች ወርዶ፣ ኤደን ወደብ ላይ መርከብ ተሳፍሮ፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳይኖረው አሜሪካ ዲርቦርን ከተማ የገባው የፎርድን ስም ሰምቶ ነው። በቀን አምስት ዶላር ይከፍላል የሚለው የጥንት ወሬ ዋጋው ካለፈበት በኋላም ከባሕር ማዶ ሰው ይጠራ ነበር። አባትየው ሩዥ በሚባለው የፎርድ ፋብሪካ ብረት ማቅለጫው ዘንድ ገባ፤ ልጁ ሙቅቢል ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ የመኪና በር ሲገጥም ኖረ። አባቱ ስለ ኩባንያው ሲያወራ አንዱን ወገን ብቻ አያወራም ነበር። ማኅበር ለማቋቋም የመጡ ሠራተኞች እሱ ከመምጣቱ በፊት እፋብሪካው በር ላይ እንዴት እንደተደበደቡም ይናገራል። "ማር ነው" ይላል ሲጨርስ፤ "ግን ንብ አለው።" የሆነው ሆኖ፣ የመንገዱ ቤት ሁሉ፣ የልጆች ሰርግና የመስጊዱ ምንጣፍ ሳይቀር የወጣው ከዚያው ደመወዝ ነው። ለሙቅቢል በሌላ መኪና መሄድ፣ በሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ የእናትን ወጥ እንደማማት ነበር።

ተቂያ ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አወረደችና ወጣች።

"ተነሥ። በራስህ መኪና ትሄዳለህ።"

"ማን ይነዳል? ፋሪስ መጣ እንዴ?"

"እኔ።"

ቃሲም ሳቁን ዋጠው። ሙቅቢል ግን ሳቀ። "የፋሪስ እናት፣ ዛሬ ቀልድሽ በዛ።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩ ሲነሣ ትሰማ የለ? ማን መሰለህ?"

"ናጂባ ናታ። ሥራ በሌላት ቀን፣ ባትሪው እንዳይሞት ብላ።"

"ልጅህማ ከጎኔ ተቀምጣ ስትጮህብኝ ነበር። መስጊዱ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ዛፍ ሁለት ጊዜ ገጭቻለሁ። አሁን መንጃ ፈቃድ አለኝ።"

ሽማግሌው ፊቱን ከቃሲም በኩል መለሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በሰው ፊት ሚስቴ እየነዳችኝ?" አላት።

ተቂያ አጠገቡ ተጎንብሳ በጆሮው ተናገረች። "ሰኞ ማታ እግርህን በጣቴ ስጫነው ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። እስኪነጋ አልሞላም። እሱን ሁለተኛ አላይም። ወይ ከኔ ጋር፣ ወይ ከቃሲም ጋር። ምረጥ።"

ሙቅቢል ምርኩዙን ፈልጎ ተነሣ። ጋራዡ ውስጥ የፎርድ ፒክአፑን ጎን በመዳፉ እየዳበሰ፣ እንደ ልማዱ በግራ በኩል ወዳለው በር ሄደ። እጀታውን ሊይዝ ሲል እጁ የሚስቱ እጅ ላይ አረፈ።

"በወዲያኛው ዞረህ ግባ" አለችው በቀስታ።

ዞረ። በራሱ መኪና ከቀኝ ተቀምጦ አያውቅም፤ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው እንኳ ጠፋው። እሷ ቁልፉን ስታዞረው ሞተሩ አንድም ሳያስል ተነሣ። ሙቅቢል ፊቱ በራ፤ መስኮቱን አውርዶ ጮኸ። "ቃሲም! ሬሳው ተነሣልህ!"

"ቀብሩ ላይ ጥሩኝ!" አለ ቃሲም። ያም ሆኖ መኪናውን አስነሥቶ ከኋላቸው ተከተለ፤ ለማንኛውም።

"ቀስ፣ ቀስ። ፍሬኑን አትርገጪው፣ ዳብሺው" ይላታል ባሏ። "አሁን ስንት ላይ ነሽ? መብራቱ ምን ዓይነት ነው?"

"የፋሪስ አባት፣ በአላህ ይሁንብህ ዝም በል። ላብ አጠመቀኝ።"

ጥቂት እንደሄዱ የብረቱና የዘይቱ ሽታ በመስኮቱ ገባ፤ ያለ ነጋሪ የት እንደደረሱ ዐወቀ። የፋብሪካው በር ነው፤ ፈረቃ እየተቀየረ ነው። ተቂያ ቆመች። የምሳ ሣጥን ያንጠለጠሉ ወንዶችና ሴቶች ከፊታቸው እየተንጋጉ ተሻገሩ። ሁሉም ወጣት ናቸው፤ እሱን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ከመሐላቸው አንዱ በጥቁር ዐባያ ተሸፍና መሪውን አንቃ የያዘችውን አሮጊት አየና ፈገግ ብሎ እጁን አነሣላት። ከኋላው ያሉትም አነሡ።

"ለምን ቆምሽ?"

"ሠራተኞቹ እየተሻገሩ ነው። እጅ እያነሡ ሰላም እያሉ ነው።"

ሙቅቢል ኮሌታውን አስተካከለ። "ለኔ?"

ተቂያ ትንሽ አመነታች። "ለሚነዳው ሰው።"

ሽማግሌው አገጩን በመዳፉ አሻሸ።

"ታዲያ መልሺላቸዋ! ሰላምታ ሳይመለስ ይቀራል እንዴ?"

"እጄን ከመሪው ላይ ካነሣሁ አለቀልን።"

ሙቅቢል እጁን በመስኮቱ አወጣ። ሰዎቹ በየት በኩል እንዳሉ ስለማያይ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ የመጨረሻው ሠራተኛ እስኪሻገር ድረስ በሚስቱ ፈንታ ሲያውለበልብ ቆየ።