አረንጓዴው ሠፈር

በሽታው ከተማውን በያዘ ሰሞን፣ ጤና ቢሮ ውስጥ ከሐኪሞቹ ሁሉ ይልቅ የሚደመጠው አንድ ሐኪም ያልሆነ ሰው ነበር። ሥራው ሒሳብ ነው። አንድ በሽተኛ ስንት ጤነኛ እንደሚያስይዝ፣ የተያዙትም በተራቸው ስንት እንደሚያስይዙ ቀምሮ የሚመጣውን ሳምንት ዛሬ ይናገራል። ባልደረቦቹ «ነቢዩ» ብለው ያሾፉበታል። እሱ ግን ማሾፍ መሆኑን ገና አልደረሰበትም።

በየማለዳው የየሠፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ የአዳዲስ በሽተኞችን ቁጥር በስልክ መልእክት ትልካለች፤ ቁጥሩ በቀጥታ የነቢዩ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም ካርታ ያወጣል። ብዙ ሰው የታመመበት ሠፈር ቀይ፣ ጥቂት የታመመበት ቢጫ፣ አዲስ በሽተኛ የሌለበት አረንጓዴ።

መቼም ያለ ጣጣ የሚጀመር ሥራ የለም። መጀመሪያ ስሌቱ በሰው ላይ ግማሽ እየጨመረ አስቸገረ። አለቃው «ግማሽ ሬሳ የት ነው የሚቀበረው?» ብሎ ጮኸ፤ ነቢዩ አስተካከለ። ቀጥሎ አንዳንዷ ነርስ ስትዘገይ ማሽኑ ቁጥር ያልገባበት ባዶ ሣጥን አገኘሁ ብሎ ቀጥ ይል ጀመር። አለቃው ካርታውን ሻዩ ሳይበርድ ካላየ ቢሮው ቀውጢ ነው፤ ነቢዩም ባዶውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ በዜሮ እንዲሞላ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ቀዩ ቀለም ዓይን ይወጋል ተባለ፤ ፈዘዝ ተደረገ። አለቃው በስብሰባ መሀል አመሰገነው።

ፈዘዝም ቢል ከተማው ቀላ። አንድ ሠፈር ብቻ ተለየ፤ ወንዝ ማዶ። እዚያም ሰው መታመም ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ በአንድ ማለዳ አረንጓዴ ሆኖ አደረ፤ አረንጓዴ እንደሆነም ቀረ።

«ያልኩት ደረሰ!» አለ ነቢዩ። «የበሽታው ኩርባ ጫፍ ነክቶ ወረደ።»

አለቃው ካርታውን አገላብጦ አየ። «እንግዲያ አምቡላንሱ እዚያ ቆሞ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም። ኦክስጅኑም ቢሆን ቀዮቹ ሠፈሮች ይሻላቸዋል።»

አምቡላንሱም ኦክስጅኑም ተነሡ። ድልድዩ ላይ ፖሊስ ቆመ፤ ንጹሑ ሠፈር እንዳይበከል፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ማንም እንዳይሻገር። ትእዛዙን የፈረመው አለቃው ነው። በማግስቱ ይኸው ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ስማኝማ፣ ወንዝ ማዶ የሚከራይ ቤት ይገኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀው።

ነቢዩ ያኔ ገባው። ሰውየው ድልድዩን የዘጋው ለሕዝብ አስቦ አይደለም፤ ለራሱ ቦታ እየያዘ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ነቢዩ አጥብቆ ይጸየፋል። ስለዚህ የቢሮውን ማኅተም አንሥቶ ለእናቱ የይለፍ ወረቀት ሠራ።

እናቱ ሳንባቸው ደካማ ነው፤ ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ ያርፋሉ። በሽታው አንዴ ከያዛቸው እንደማይለቃቸው ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም። የሚኖሩበት ሠፈር ቢጫ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት እንደሚቀላም ስሌቱ ተናግሯል።

«እማዬ፣ ልብስሽን ሰብስቢ፤ ወንዝ ማዶ እንሄዳለን።»

«እዚያ ደግሞ ማን አለኝ?»

«ሰው ባይኖርሽ በሽታ የለም።»

«ማን ነገረህ?»

«ለከተማው ሁሉ የነገርኩት እኔ አይደለሁ እንዴ!»

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ» አሉ እናቱ፤ ቢሆንም ሻንጣቸውን አነሡ።

ድልድዩ ላይ ፖሊሱ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «የናንተ ቢሮ ሰው በዛ ልበል? ትናንት አንድ ትልቅ ሰው ሚስቱን ከነልጆቹ አሻገረ።»

«ወፍራም ነው? ራሰ በራ?»

«እንዴት አወቅክ?»

ነቢዩ ጥርሱን ነከሰ። አለቃው ቀድሞታል። «ከዚያ የሚመለስስ አለ?»

«የሚገባ እንጂ የሚወጣ አላየሁም።»

«ማን ሞኝ ይወጣል!» አለ ነቢዩ፤ የእናቱንም ክንድ ይዞ ተሻገረ።

ሠፈሩ ጸጥ ብሏል። ሱቆቹ ዝግ ናቸው፤ መንገዱ ላይ ዝር የሚል የለም። ነቢዩ ደስ አለው፤ «እቤታችሁ ተቀመጡ» ሲል የኖረውን የሰማለት ሠፈር አገኘ።

«ያ ልብስ ከተሰጣ ስንት ጊዜው ነው? አቧራ ለብሷል እኮ» አሉ እናቱ ወደ አንድ ግቢ እያዩ።

«እረፍት ላይ ናቸው እማዬ።»

ከግቢው አንዲት ሴት ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። አሮጊቷን ስታይ ሮጣ መጥታ ጉንጫቸውን ደጋግማ ሳመች። «እንኳን መጡልኝ እናቴ! ግቡ፣ ግቡ፤ ሰው እንዴት እንደ ናፈቀኝ!» አለችና ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ የገዛ አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ከምትጠጣበት ብርጭቆ ውኃ አቀመሰቻቸው። አንድ ክፍል ልታከራያቸው እንደምትችል፣ እንዲያውም ቤቱ ሁሉ ባዶ እንደሆነ ነገረችው። እናቱ ገና ከመቀመጣቸው ፊታቸው ፈካ፤ ሰው ይወዳሉ።

ነቢዩ ልቡ አረፈ። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችው፤ እናቱን ጤና ጣቢያ ማስመዝገብ፣ በዚያውም ነርሷን በአካል ማመስገን። በጨካኝ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ መልካም ዜና በየማለዳው የምትልክለት እሷ ብቻ ናት።

የጤና ጣቢያው በር ተቆልፏል። ደጃፉ ላይ ሽማግሌ ዘበኛ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋሉ አባባ። ከጤና ቢሮ ነኝ። ነርሷ የለችም?»

ዘበኛው ቀና ብለው አዩት። «ዛሬ ገና መጣችሁ?»

«እናቴን ላስመዘግብ ነው። ደግሞም ምስጋና ይዤላታለሁ፤ እንደ እሷ ሠፈሯን የጠበቀች የለችም።»

ሽማግሌው ዘወር ብለው የተቆለፈውን በር አዩ።

«እሷንማ ልጄ፣ ከሁሉም አስቀድመን ነው የቀበርናት።»