ያልታጠበ እጅ

አንድ እግሯን ከቦት ጫማው አውጥታ ሌላውን ልትጎትት ጎንበስ እንዳለች የቤቱ የኋላ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተና ልጇ ብቅ አለች።

«እማዬ መጣች!»

መውጣት አልነበረባትም። ሐኪሙ ካዘዘ ወዲህ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው፤ እናት ከዓሣ ፋብሪካው ስትመለስ በጓሮ ትገባለች፣ ልብሷን አውልቃ በርሜል ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ እስከ ክርኗ በሳሙናና በሎሚ ትታጠባለች። እስክትጨርስ አማቷ ልጅቷን ከቤት አያስወጧትም። ዛሬ ግን የቧንቧው ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ በርሜሉ ደርቋል፤ አማቷም ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ አድርጓቸዋል።

«እዚያው ቁሚ፣ ድንቡሼ። እንዳትመጪ።»

የአራት ዓመት ልጅ፣ ያውም ቀኑን ሙሉ እናቷን ስትጠብቅ የዋለች፣ ቁሚ ቢሏት የት ሰምታ። እጇን ዘርግታ መጣች። እናት አንድ እግሯ በቦት አንድ እግሯ በካልሲ፣ እጆቿን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ጀርባዋ ከአጥሩ እስኪላተም ድረስ አፈገፈገች። ልጅቷ ጨዋታ መሰላት፤ እየተንከተከተች ፍጥነቷን ጨመረች። የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ጠለፋትና በአፍጢሟ ተደፋች።

ጉልበቷ ተላጠና ደማ። ከዚያ ለቅሶው መጣ።

እናት ሁለት እርምጃ ተስፈንጥራ ቀጥ አለች። እጆቿን አየቻቸው። ከንጋት ጀምራ እንደቆመች የዓሣ ቆዳ ስትገፍፍና ሥጋውን ከአጥንቱ ስትለይ ውላለች፤ ጓንት ቢኖርም የዓሣው ውሃ በእጅጌዋ ሰርጎ ይገባል፣ ቅርፊቱም ክንዷ ላይ ደርቆ ተለጥፏል። የሐኪሙ ቃል ከጆሮዋ አልጠፋም፦ ዓሣ ለሌላው ልጅ ሥጋና አጥንት ይሆናል፣ ለዚህች ግን መርዝ ነው፤ መብላቷ ብቻ አይደለም፣ ዓሣ የነካ እጅም ሊበቃት ይችላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ነው በዚሁ እጅ የዓሣ ራስ ቀቅላ፣ ለአጥንትሽ ይሆናል እያለች ሾርባውን ያጠጣቻት? ሲያሳክካት ሙቀት ነው ስትል፣ ቁንጫ ነው ስትል፣ አንድ ቀን ከንፈሯ አብጦ ትንፋሿ ፉጨት ሆነ፤ በመርፌ ተረፈች። ዓሣ ከቤት ከተከለከለ በኋላም፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ ያው እብጠት ተመለሰ። እናት በደንብ አልታጠብኩም ማለት ነው አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋውን ለልጇ ትታ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ትተኛለች፤ ከመፈተግ ብዛትም የእጇ ቆዳ ተልጧል።

«እማዬ፣ አንሺኝ።»

«አልችልም፣ ሆዴ። እጄ አልታጠበም።»

«ልብሴ ይቆሽሽ።»

አማቷን ጠራቻቸው፤ ከውስጥ የምርኩዛቸው ድምፅ መለሰላት። ጉልበታቸው እስኪታዘዝላቸው ጊዜ ይወስዳል። እሷም እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ፣ ከልጇ ሦስት እርምጃ ርቃ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበትሽን እፍ በይው አለቻት፤ እኔም ከዚህ ሆኜ እፍ እልልሻለሁ። ልጅቷ በሳግ መካከል እፍ አለች። እናትም እፍ አለች። ትንፋሿ የትም አልደረሰም።

አማቷ ደርሰው ልጅቷን አነሷት፤ ደሟን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት። ወትሮ አፋቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ሐኪሙን እንኳ፣ እኛን ያሳደገ ዓሣ ዛሬ ገዳይ ሆነ እንዴ ብለው አፊዘውበት ነበር። አሁን ግን ምራታቸው እንደ እስረኛ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አፈር ላይ ተቀምጣ ሲያዩ፣ ልጅቷን ደጃፉ ላይ አስቀመጧት፤ ወደ ውስጥ ገብተው በጆግ ውሃ ይዘው ወጡ።

«የሚጠጣው ነው እኮ፣ እማማ። ሌላ የለንም።»

«ዘርጊ።»

ዘረጋች። በሳሙና ታጠበች፣ ሎሚው የተላጠው ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ጥርሷን ነከሰች። አማቷ ጆጉን አስቀምጠው እጇን ያዙና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር አሸተቱት።

«ገና ነው» አሉ።

እንደገና አፈሰሱላት። ሲያፈሱ ቀና ብለው አላዩዋትም።

«የማክሰኞው ያንቺ እጅ አይደለም። ጎረቤት የዓሣ ሾርባ አምጥታልኝ... አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋታል ብዬ ነው።»

እናት ቁጣዋ እስኪመጣ ጠበቀችው። ከሩቅ ተነስቶ እሱም እንደ እሷ መንገድ ላይ የዛለ መሰለ። በምትኩ የመጣላት አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከልጇ ጎን መተኛት ትችላለች።

አሮጊቷ የሚያፈሱት ውሃ ከእጇ ይልቅ መሬቱን ያርሳል።

«እዚህ ጋ ቀርቷል» አለቻቸው፣ የግራ እጇን አውራ ጣት እያቀረበችላቸው።