አምስተኛው ወንበር

«ሌላ ተወዳዳሪ አለ?» ትላለች ሊቀመንበሯ ሚስስ ዶኔሊ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ።

ከተቀመጥኩበት እጄን አወጣለሁ። «ሚስተር ዲተርን እጠቁማለሁ።»

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው የኮንዶሚኒየማችን አዳራሽ ዛሬ ጢም ብሏል። ሕንፃውን ከሚያስተዳድረው ቦርድ አምስት ወንበሮች አንዱ ባዶ ነው፤ የያዘው ሰው ቤቱን ሸጦ ሄዷል። ከቀሩት አራት ሰዎች ሁለቱ ታክሲ ግቢያችን ፓርኪንግ ውስጥ እንዳያድር ይፈልጋሉ፣ ሁለቱ ከእኛ ጋር ናቸው። ነገሩን የሚቆርጠው አምስተኛው ነው። የሦስተኛ ፎቁ ሚስተር ብሬናን ራሱን በራሱ ጠቁሞ ተወዳድሯል፤ ታክሲ ግቢ ያበላሻል ባይ ነው። ባለቤቴ መርዕድ ደግሞ የሚነዳው ታክሲ ነው። ማደሪያ ካጣ ወይ መኪናውን እንሸጣለን፣ ወይ ቤቱን።

አምና የተጠቆምኩት እኔ ነበርኩ። እኔም እንደ ወጉ «ኧረ እኔ አልበቃም፣ ስንት የሚሻል ሰው እያለ» አልኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ሁለት ሦስቴ እምቢ ይልና፣ ተለምኖ ተገፍቶ፣ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብሎ ይነሳል። ሚስስ ዶኔሊ ግን «ስለ ግልጽነትሽ አመሰግናለሁ» ብላ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈች። ልመናውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን የጠረጉት የግቢያችን አበሾች ሽማግሌ ጋሼ ከፈለ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። «ኮንቪንስ ልናደርግሽ ስንነሳ እኮ ሴትየዋ ኔክስት አለች» አለኝ መርዕድ፣ ወደ ቤት ስንገባ።

ጋሽ ዲተር ጎረቤቴ ናቸው። ጀርመን አገር ገበሬ ነበሩ፣ ኋላ ፖለቲከኛ ሆኑ፤ ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው እዚህ አመጣቻቸው። የአምናውን ጉድ ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እኔ ላሞች ነበሩኝ» አሉ። «የወተት ዋጋ ወደቀ። መንደሩ በሙሉ ያማርራል፣ የሚነሳ ግን የለም። አንድ ጠዋት ወተት የምናስረክብበት በር ላይ ቆምኩና ምረጡኝ አልኩ። ሚስቴ አፍራ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። እኔ ግን ምክር ቤት ገባሁ፣ እዚያው ሸበትኩ።»

«ሹመት አፍ አውጥቶ መለመን አያሳፍርም?» አልኳቸው።

«ጡቷ የሞላ ላም ጮኻ ነው የምትጠራሽ» አሉ። «እስክትለመን አትጠብቅም።»

እንዲህ ያለ ሰው ደጃችን እያለ ሌላ ምን እንፈልጋለን? ዘንድሮ እርስዎ ይግቡልን አልኳቸው፤ ጋሼ ከፈለም ደስ አላቸው። ጋሽ ዲተር ፈገግ አሉ እንጂ እሺም እምቢም አላሉም። እኔ ፈገግታውን እሺ ብዬ ቆጠርኩት።

«ሚስተር ዲተር፣ ይቀበላሉ?» ትላለች ሚስስ ዶኔሊ።

ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ይነሳሉ። «አልቀበልም። እኔ አልበቃም፣ የምትሻል ሰው አለች» ይላሉ፤ በጣታቸውም ወደ እኔ ይጠቁማሉ። «ሚስስ ውብነሽን እጠቁማለሁ።»

ብለው ቁጭ ይላሉ። በንዴት ወደ ጆሯቸው እጠጋለሁ።

«በዕድሜዎ እምቢ ብለው የማያውቁ ሰው፣ ዛሬ በእኔ ላይ?» እላቸዋለሁ በሹክሹክታ።

«ካንቺ ተምሬ ነው» ይላሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ሚስስ ዶኔሊ ወደ እኔ ዞራለች። «ሚስስ ውብነሽ፣ ትቀበያለሽ?»

የለመደ ምላሴ «ኧረ እኔ...» ሊል ጫፍ ላይ ደርሷል። ጋሼ ከፈለ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሰማለሁ፤ ዘንድሮ ቀድመው ሊለምኑኝ ተዘጋጅተዋል። መርዕድ በሩ ጋ ቆሞ የታክሲውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ሚስስ ዶኔሊ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስጠግታለች፤ እሷ እንደሆነች ማንንም አትለምንም። ደግሞስ ማንን እዋሻለሁ? ወንበሩን እፈልገዋለሁ። አምናም ፈልጌው ነበር። ከብሬናን የተሻለ እንደምሠራበትም አውቃለሁ።

«እቀበላለሁ» እላለሁ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ከወጣ ወዲያ አልመልሰውም ብዬ ብድግ እላለሁ። «ወንበሩን እፈልገዋለሁ። ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው፣ አልደብቅም። በዚያ ትልቅ በረዶ ጊዜ ግቢውን በአካፋ ጠርገው መኪናችሁን ያወጡላችሁ ባለታክሲዎቹ ናቸው። የሚስተር ብሬናንንም ጭምር። ምረጡኝ።»

የጋሼ ከፈለ ባለቤት እትዬ ስሂን «በስመአብ» ሲሉ ይሰማኛል። እኔ ግን አልቀመጥም።

«ሚስስ ውብነሽን የምትመርጡ፣ እጃችሁን አውጡ» ትላለች ሚስስ ዶኔሊ።

መጀመሪያ የሚወጣው የጋሽ ዲተር ሰፊ እጅ ነው። ቀጥሎ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሁልጊዜ የምንገናኘው የኤል ሳልቫዶሯ ሴት። ቀጥሎ የፊት ረድፍ ፈረንጆች፣ አንድ በአንድ፤ መኪናቸው በረዶ ውስጥ ተቀብሮ የነበረ ሁሉ። የእኛ ሰዎች ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ዞሬ አያቸዋለሁ።

ጋሼ ከፈለ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ሚስታቸው አዘንብለዋል። «አንዴ እንኳ እምቢ ሳትል» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ እየመሰላቸው። ቀኝ እጃቸው ግን ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል፤ በግራቸው የእትዬ ስሂንን ክንድ ከሥር ይዘው ወደ ላይ ይገፋሉ።