በኩባያው አፍ ዙሪያ

«ይሄም ፀጉሩ ይበተናል» አለች ካሚላ፣ ብሩሹን ባንኮኒው ላይ እየመለሰች።

ልጇ ኢማን አጠገቧ ቆማ ብሩሹ የተሞከረበትን ኩባያ አየች። ለሙከራ ብለው ከቤት ይዘውት የመጡት፣ ገና ያልተቀባ የሸክላ ኩባያ ነው። በአፉ ዙሪያ መሳብ የነበረበት ሰማያዊ መስመር አንዴ ወፍሮ፣ አንዴ ቀጥኖ፣ ወደ ጎን ሸሽቷል። ብሩሹ ምንም አልሆነም። ካሚላ ባለፈው ክረምት ታማ ከተነሳች ወዲህ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ይህን በአፉ ያወጣ የለም።

ካሚላ መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ሌላ ብሩሽ ጠየቀች። ባለሱቁ ሙደሲር የቆየ ደንበኛዋ ነውና ሳይሰለች ተንጠራርቶ አወረደላት። ከኋላቸው ቀለም ሊገዙ የመጡ ሰዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዱ በቁልፉ ባንኮኒውን ያንኳኳል። ውጭ ባለጋሪዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ ይጮኻሉ።

ለሰርግ የታዘዙት ኩባያዎች ነገ እሳት ይገባሉ። ቀለሙ አንዴ በእሳት ካለፈ እንደ መስታወት ስለሚጠነክር፣ የተጣመመ መስመር ተመልሶ አይቃናም። ጭቃውን ማቡካቱንም ቅርፅ ማውጣቱንም ካሚላ ለልጇ ከተወችላት ቆይታለች። መስመሩን ግን ለማንም ሰጥታ አታውቅም።

በወረደላት ብሩሽም መስመሩ ሲጣመምባት፣ ሙደሲር ጫፉ ላይ መርፌ የተሰካበት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቀበላት፤ ቀለም ሞልተው እየጨመቁ የሚስሉበት ነው። ካሚላ ሞከረችው። ኩባያው ላይ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ።

«እትዬ ካሚላ» አለ ሙደሲር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ልጅዎ ትሞክረው።»

ኢማን የምትገባበት ጠፋት። እናቷ ዘወር ብላ አየቻትና ከብሩሾቹ ሁሉ ቀጭኑን መርጣ ሰጠቻት።

ኢማን ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ኩባያው ላይ አሳረፈች። መስመሩን ስትስብ ሆን ብላ እጇን አንቀጠቀጠች።

«እውነትሽን ነው እማ፣ ብሩሹ ነው» አለች ቀና ሳትል።

ካሚላ ጠማማውን መስመር አየችው። ከዚያ ጨርቁን አነሳችና ጠረገችው።

«ብሩሽ ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «እጅሽን አውቀዋለሁ። እንደገና።»

ቀኝ እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። በግራ እጇ ኩባያውን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርጋ ማዞር ጀመረች። ኢማን የብሩሹን ጫፍ አስነክታ እጇን እዚያው አቆመች። ኩባያው ሲዞር እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ መስመር ከብሩሹ ስር እየወጣ ሄደ፤ ሄዶ ሄዶ መነሻውን ሲነካ የእናቷ እጅ ቆመ።

ካሚላ ዓይኗን ከመስመሩ አላነሳችም።

«ይሄኛውን ብሩሽ ጠቅልልላት» አለችው ሙደሲርን።