ለአጭር ሰው የተሠራች መኪና

አጫራቹ መዶሻውን አንስቶ «በመነሻው ዋጋ የሚወስድ የለም? ለመጨረሻ ጊዜ!» ሲል ከተጫራቾቹ አንድም ሰው አልተነቃነቀም። መኪናዋን ለጨረታ ያቀረበው መካኒክ አንድ በአንድ በዓይኑ ቃኛቸው። ዛሬ ካልተሸጠች ያቺ ቀይ የድሮ ሞዴል የስፖርት መኪና የምትሄደው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ አሳምሯታል፤ ወንበሯን በቆዳ ለብጦ ወደ ፊት አስጠግቶ በይዶታል፣ መሪዋን ዝቅ አድርጓል፣ ፔዳሎቿን አስረዝሟል። ሁሉም በእሱ ቁመት ልክ ነበር፤ ቁመቱ ደግሞ ይህን ያህል አልነበረም።

«አጭሬ፣ ይህቺን መጫወቻ ማን ይገዛልኛል ብለህ ነው?» አለ የድሮ አለቃው፣ ያንን ረጅም ቁመቱን ይዞ እየተጎማለለ መጥቶ። ከጋራዡ ያባረረው እሱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ማንንም ሳያስፈቅድ የመኪናዋን በር ከፈተና ተጣጥፎ ገባ። መግባቱንስ ገባ። ጉልበቱ ከመሪው ሥር ተቀርቅሮ፣ አገጩ ጉልበቱ ላይ ዐርፎ ቀረ። ቢገፋ እንቢ፣ ቢጎትት እንቢ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በመጨረሻ ረጅም እጁን በመስኮት አውጥቶ «ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ ያውለበልብ ጀመር።

አጫራቹ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል የሰማው ነገር የለም፤ ያየው እጁን ብቻ ነው። «መኪናው ውስጥ ያሉት ጌታ! አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» መካኒኩ አፉን ሊከፍት ቃጣውና መልሶ ገጠመው። መዶሻው ጧ አለ።

ያኔ መካኒኩ ወደ መስኮቱ ቀረበ፤ መጎንበስ እንኳ አላስፈለገውም።

«አይቸኩሉ ጌታዬ» አለ፤ «የራስዎ ንብረት ነው፣ ቀስ ብለው ይውጡ።»